ከምድጃው ጀርባ ያለው ግድግዳ

«እትዬ፣ ለጥቂት ጊዜ ታናሽ ወንድማችን ዘንድ ሄደሽ ብታርፊስ?» አለ የሰባኪዋ ባል ታላቅ እህቱን። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር፤ የዚያ ቤት ግድግዳ ግን ምስጢር የሚይዝ ዓይነት አልነበረም። ሰባኪዋ መኝታ ቤት ሆና የሸሚዟን ቁልፍ እየቆለፈች ነበር፤ ጣቶቿ መሀል ላይ ቀሩ። እትዬ አንድ ሳህን ከማንጠፍጠፊያው ላይ አንስተው መልሰው ሲያስቀምጡት ተሰማ። «ማረፍ? ደክሞኛል ብዬሃለሁ እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «አይ፣ አላልሽም። እንዲያው ይሄ ምድጃ፣ ይሄ ግድግዳ… ትናንት እንግዶች ፊት እንዴት እንደተሳቀቅኩ አይተሻል። ዕድሜም ነው፣ አልፈርድብሽም። ማታ መኪናውን ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ።» ሰባኪዋን ይሄ አቃጠላት። ግድግዳውን ያበላሹት እትዬ እንዳልሆኑ በዚያ ቤት ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

«ሰባኪዋ» የሚለውን ስም ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። የሴራሚክ መደብር ውስጥ ሻጭ ናት፤ ሰው ዋጋ ጠይቆ ሊወጣ ከገባ እሷ ይዛው ትቀራለች። በተለይ ስንጥቅጥቁን ሴራሚክ የጠየቀ ሰው ስብከቱን ሳይጨርስ ደጁን አያገኘውም። ይህ ሴራሚክ ፊቱ ላይ ያለው እንደ ብርጭቆ የሚያበራ ቅብ ከእቶን ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ሆን ተብሎ እንዲሰነጣጠቅ የተደረገ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ልሙጥ ነው፤ ቀረብ ሲሉ ግን ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ከዳር እስከ ዳር ተጠላልፈውበታል። ውበቱም ጣጣውም ያው ስንጥቁ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ ይጠጣል። ዘይት ሲፈናጠቅበት ይጠጣል፣ ወጥ ሲረጭበት ይጠጣል፣ መጋጠሚያውን የሚሞሉበት ሲሚንቶ ራሱ ዘልቆ ገብቶ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ መጋጠሚያው ከመሞላቱ በፊት ሻጮቹ «ሲለር» የሚሉት እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ይቀባና ስንጥቁን ይዘጋዋል። መጋጠሚያው ከተሞላ በኋላ ይደገማል፤ ከዚያም በየዓመቱ። «ሲለር የማትቀቡኝ ከሆነ አትግዙኝ ይላችኋል ዕቃው ራሱ!» ትላለች ሰባኪዋ ጣቷን እያወዛወዘች፤ ከኋላዋ ያሉት ሻጮች «አሜን» ይሏታል፣ ገዢው ይስቃል፣ ሲለሩንም ይገዛል።

የራሷን ኩሽና ስታሠራ ግን እንዲህ ሆነ። ወተት መሳይ ሆኖ ወደ አረንጓዴ የሚወስደውን ስንጥቅጥቅ፣ ዋጋው የተራውን አራት እጥፍ የሆነውን፣ በሠራተኛ ቅናሽ አውጥታ ከምድጃው ጀርባ አስለጠፈች። ሠራተኛው ለጥፎ ሲጨርስ ቀኑ ዓርብ ነበር፤ እሑድ የባሏ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ለምሳ ተጠርተዋል። «ሲለሩስ?» አላት ሠራተኛው። ሲለር ተቀብቶ መድረቅ አለበት፣ ተደግሞ መድረቅ አለበት፤ ቅዳሜ በሲለር ካለፈ እሑድ መጋጠሚያው ያልተሞላ ግድግዳ ለእንግዳ ሊታይ ነው። «ዝለለውና ሙላው፤ በኋላ እኔው ራሴ እቀባዋለሁ» አለችው። ሰውየው ትከሻውን ሰብቆ «ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ሞላው። እሑድ እንግዶቹ አደነቁ፤ ባሏ እጁን ኪሱ ከትቶ ግድግዳው ፊት ቆሞ፣ ራሱ ጠፍጥፎ የጋገረው ይመስል ስለ ስንጥቁ አብራራላቸው። «በኋላ» የተባለው ግን ነገ ዛሬ ሲባል ሳይመጣ ቀረ። መጀመሪያ በስንጥቆቹ ውስጥ ግራጫ ነገር ታየ። ከዚያ መጥበሻው የሚቀመጥበት በኩል ወደ ቡናማ ሄደ፤ እየቆየ ጥቁር ሆነ፤ አሁን ከምድጃው ጀርባ ያለው ቦታ ያረጀ የሸረሪት ድር ይመስላል።

ባሏ አንድ ምሽት «ይሄ ነገር ምን ነክቶት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ያኔ መናገር ቀላል ነበር። እሷ ግን «ዘይት ሲፈናጠቅበት ቶሎ ካልተወለወለ እንዲህ ይሆናል» አለችው። ውሸት አልነበረም። የማንንም ስም አልጠራችም። ሆኖም በዚያ ቤት ዘይት የሚያግሉት አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ባሏ ወደ እትዬ ክፍል በር ዞር ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። እሷም ሲያይ አየችው፤ አላረመችውም። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ እዚህ ቤት ደግሞ እምዬ የተባሉት ወንድማቸውን እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉ፣ ለእሱ ሲሉ ትምህርታቸውን ያቋረጡ፣ ሰባኪዋ ቀዶ ጥገና ተደርጋ የተኛች ጊዜ «ሳምንት ልሰንብት» ብለው መጥተው፣ ገላዋን አጥበው፣ ልብሷን ቀይረው፣ ቤቱን ሲያቃኑ ዓመታት የቆዩ ሴት ናቸው።

ኩሽና ስትገባ ባሏ ወጥቷል። እትዬ ጠረጴዛው ላይ ዳቦና ሻይ አቅርበው፣ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ ቆመዋል። ቤቱ አቼቶ አቼቶ ይሸታል። «ደህና አደሩ፣ እትዬ?» «ደህና፣ ልጄ። እንቁላል ልጠብስልሽ ነበር፤ ምድጃውን ለጊዜው እንዳልነካ ተብያለሁ» አሉና ሳቅ አሉ። ሳቃቸው ሰውን ላለማስጨነቅ የሚሳቅ ሳቅ ነው። ሰባኪዋ ዓይኗን ከእሳቸው አሽሽታ ወደ ግድግዳው ብትወስደው እዚያም ማረፊያ አላገኘችም። የምድጃው ጀርባ ብርሃኑን ጥሏል፤ ደብዝዟል፤ ጥግ ላይ የእቃ ማጠቢያ ሽቦና የአቼቶ ጠርሙስ ተቀምጠዋል። እትዬ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ሲያሹት ነበር ማለት ነው፤ ምናልባት ዛሬ ብቻ አይደለም። አቼቶ ለዚህ ሴራሚክ መርዝ ነው። ቅቡን ይበላዋል፣ ስንጥቁን ያሰፋዋል። ሰባኪዋ ይህንን በቀን ስንት ጊዜ ለስንት ሰው ትናገራለች!

«በደንብ ሳሸው ትንሽ ለቀቅ ያለ አይመስልሽም?» አሉ እትዬ፣ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው በጣታቸው እየነኩት። «በአቼቶ አይነካም» ለማለት አፏን ከፈተች። ግን ይህን ካለች እትዬ «ታዲያ በምንድን ነው?» ይላሉ፤ በምን እንደሆነ ከነገረቻቸው «ሲለር ደግሞ ምንድን ነው?» ይመጣል፤ ሲለሩ ከመጣ ደግሞ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይወጣል። «አዎ፣ ለቀቅ ብሏል» አለች። ሻይዋን ቆማ ጠጣች። ምላሷን አቃጠላት፤ ደስም አላት፤ ሌላ ምንም ሊቀጣት አልመጣም ነበርና። ከቤት ስትወጣ የእትዬ ክፍል ገርበብ ብሎ አልጋው ላይ የተከፈተ ቦርሳ አየች። ልብሳቸውን አጣጥፈው መክተት ጀምረዋል። እትዬ ሂጂ ሲባሉ የማይለማመጡ፣ ቆዪ ሲባሉ የማይኮሩ ሰው ናቸው።

ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ጋ ተቀምጣ አንድ ነገር ቆረጠች። ማታ፣ ያ መኪና ከመምጣቱ በፊት፣ ለባሏ ትነግረዋለች። እንዴት እንደምትነግረው ቃሉን እያስተካከለች ሄደች። «ታውቃለህ፣ ስለዚያ ግድግዳ…» ትላለች። አይ፣ እንደዚያ ከጀመረች ነገሩ ይረዝማል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብላ ትጀምራለች። ይህ ደግሞ አፍ ላይ ይከብዳል። ታክሲው ሲቆም ገና ቃሉን አላገኘችውም ነበር፤ ቢሆንም የቆረጠ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል ብላ ራሷን አጽናንታ ወረደች።

ሥራ እንደወትሮው ነበር። ረፋዱ ላይ ልታገባ ቤት የምታሰናዳ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ገባች። እናትየዋ ጥሩ የለበሱ፣ ያዩትን ነገር ሁሉ በጥፍራቸው ቀጭ ቀጭ እያደረጉ የሚፈትሹ ሴት ናቸው። ልጅቷ ስንጥቅጥቁ ፊት ስትደርስ ቆመች። «እማ፣ ይሄን!» እናትየዋ መነጽራቸውን አውርደው አዩትና «የተሰነጠቀ ነው እኮ» አሉ። «አዎ፣ ለስንጥቁ ነው የሚከፈለው» አለ አንዱ ሻጭ ከጎን፣ «ያልተሰነጠቀውን ርካሹን ወዲያ ማዶ ያገኙታል።» ሳቁ። ሰባኪዋም አብራ ሳቀችና ስብከቷን ጀመረች። አፏ ያውቀዋል፤ ልቧ ሌላ ቦታ ቢሆንም አፏ አይሳሳትም። አንድ ፍሬ ሴራሚክ አንስታ የውሃ ጠብታ አደረገችበት። «አያችሁ? ጠብታው ክብ ሆኖ ከቆመ ሲለሩ አለ ማለት ነው። ተዘርግቶ ሥሩ ከጠቆረ ጠጥቷል፤ ቀቡኝ እያላችሁ ነው። ዘይት ሲፈናጠቅበት ወዲያው በለስላሳ ጨርቅ። ሳሙናው ለስላሳ፣ ውሃው ለብ ያለ። ሽቦ አይነካውም። በረኪና አይነካውም። ሎሚና አቼቶ ደግሞ፣ እባካችሁን፣ በዚያ በኩል እንኳ አይለፉ!» «አሜን» አሉ ከኋላ። በሌላ ቀን ቢሆን ዞር ብላ ትስቅ ነበር። ዛሬ አቼቶ የሚለው ቃል ከአፏ ሲወጣ የእትዬ እጅ ታያት፤ ቆዳው ነጭ ብሎ የተኮማተረ፣ ጎህ ሳይቀድ ሲያሽ የነበረ እጅ።

«አንቺስ? ቤትሽ ይሄው ነው ያለው?» አሉ እናትየዋ። ሰባኪዋ ከመመለሷ በፊት ያ ሻጭ ቀደማት፦ «ቤቷማ! ስለ ኩሽናዋ ሳታወራ የዋለችበት ቀን የለም።» «ሩቅ ነው?» «የመኪና መንገድ ነው፣ ግን ቅርብ ነው» አለ ሻጩ፣ ውለታ የዋለላት መስሎት። «ከሆነማ ተለጥፎ፣ ሰው ሲጠቀምበት ቆይቶ ምን እንደሚመስል ማየት እፈልጋለሁ» አሉ እናትየዋ፣ «አፍማ ሁሉን ያስውባል።» ሰባኪዋ ቤት ሰው የለም ልትል ጀመረች። «እትዬሽ የት ሄደው? ሁልጊዜ ቤት ናቸው አላልሽም?» አለ ሻጩ። የመደብሩ ባለቤት ጋሼ ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው «ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ውሰጃቸውና አሳዪያቸው፤ ሙሉ ኩሽና ነው እኮ የሚያለብሱት» አሉ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የእሷ አፍ ደግሞ ያመለጣት ዛሬ አይደለም፣ በየቀኑ ሲያመልጣት ከርሟል። ቦርሳዋን ይዛ ከሴቶቹ መኪና ውስጥ ገባች። መንገዱን ስታሳይ መታጠፊያው ባያልቅ ብላ ተመኘች። በክፉ ቀን ግን መንገድ ያጥራል።

እትዬ በሩን ሲከፍቱ የመንገድ ልብሳቸውን ለብሰዋል። እንግዳ ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ግቡ፣ ግቡ፣ ቤቱ ያልተሰናዳ መሆኑን ይቅር በሉን» አሉ፣ ቤቱ ግን አቧራ የሚባል ነገር አልነበረውም። ሊሄዱ ነውና ሁሉን ነገር ቦታ ቦታው አስይዘዋል፤ ድስቶቹን ሳይቀር በመጠናቸው ደርድረዋል። እናትየዋ ግን ድስት አላዩም። ምድጃው ፊት ሄደው መነጽራቸውን አውርደው ቆሙ። ልጅቷ ከኋላ ሆና «ውይ» አለች። ይቺ «ውይ» ትንሽ ቃል ናት፤ ሰባኪዋ ግን ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። «ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሆነው? ያ ሁሉ ሲለር ሲለር ያልሽው?» አሉ እናትየዋ። መናገሪያው እዚህ ነበር፤ እዚህ ጋ እውነቱን ብትናገር የሚቀርባት ሽያጭ ብቻ ነበር። ሰባኪዋ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይሄ በአቼቶ ታሽቶ ነው» አለች። «አቼቶ ሲነካው እንዲህ ይሆናል። ያልኳችሁ ይሄንን ነው።»

እትዬ በሩ ጋ ቆመው ነበር። እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አስገቡ። መጀመሪያ ሰባኪዋን አዩ፤ ከዚያ ግድግዳውን፤ ከዚያ ወደ እንግዶቹ ዞሩ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አሉ። «እሷማ ነግራኝ ነበር። ደጋግማ ነግራኛለች። ዕድሜ ሆኖብኝ ነው መሰል፣ እየረሳሁ በአቼቶ አሸዋለሁ። ዕቃውስ ደህና ዕቃ ነው።» ድምፃቸው ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። የቤታቸው ልጅ በሰው ፊት እንዳታፍር የሚዋሽ ሰው ድምፅ ነበር። ሰባኪዋ አልነገረቻቸውም። አንድም ቀን አልነገረቻቸውም። እናትየዋ ፊታቸው ተፈታ፤ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የሰው ሆኖ ተገኝቷልና። «እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ እንዴት አቼቶ ይደፋል፣ እናቴ!» ብለው እትዬን ገሠጿቸው። እትዬ «እውነትሽን ነው» አሉና አንገታቸውን ደፉ። ሰባኪዋ የልጅቷን እጅ ይዛ ምድጃው የማይደርስበትን፣ ንጹሑን ጥግ አሳየቻት፤ ብርሃን እንዴት እንደሚጫወትበት አብራራችላት። ሲወጡ እትዬ በሩ ድረስ ሸኟቸውና ለሰባኪዋ በቀስታ «ሂጂ፣ እንዳታስጠብቂያቸው» አሏት።

መኪናው ትንሽ እንደሄደ እናትየዋ ከፊት ወንበር ዞር ብለው «ሠራተኛሽ ናት?» አሉ። «አይ» አለች ሰባኪዋ። «የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።» የእናትየዋ አንገት ሥር ቀይ ሆነ። «እንዴ፣ እኔ እኮ… በሰው ፊት እንደዚያ ስታሳጪያቸው…» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። ወደ ፊት ዞሩ። ልጅቷ መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። መደብሩ እስኪደርሱ ሰባኪዋ ከዚያ በፊት የማታውቃቸው ሁለት ሴቶች ስለ እሷ ሲያፍሩ ከኋላ ወንበር ሆና ስታያቸው መጣች።

ቢሆንም ገዙ። ልጅቷ ወድዳው ነበር። ሰባኪዋ ሲለሩን በራሷ እጅ አምጥታ ከዕቃቸው ጋር አስቀመጠች፤ እናትየዋ ሳያዩአት አመሰገኗት። ጋሼ «እሰይ ሰባኪዬ፣ አንቺማ ያልተለጠፈ ቤት አታስቀሪም!» ብለው ትከሻዋን መታ መታ አደረጓት። ያ ሻጭ ደግሞ «ለእኔም ሻይ ይገባኛል፣ የጀመርኩት እኔ ነኝ» አለ። የቀረው ሰዓት እንደምንም ሄደ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ። አንድ ሽማግሌ ስለ ስንጥቅጥቁ ሲጠይቋት «ሌላ ሻጭ ያነጋግርዎ» ብላ ወደ መጋዘን ገባችና ካርቶኖቹ መሀል ቆማ አለቀሰች። ማልቀሷም አሳፈራት። ማልቀስ የነበረባቸው እትዬ ነበሩ፤ እሳቸው ግን አላለቀሱም።

ቤት ስትደርስ ባሏ ቀድሟት ገብቶ ሳሎን ተቀምጧል። የእትዬ ቦርሳ ተዘግቶ መተላለፊያው ላይ ቆሟል። የክፍላቸው በር ክፍት ነው፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሹራባቸውን ሲቆልፉ ይታያሉ። ሰባኪዋ ጫማዋን ሳታወልቅ ባሏ ፊት ቆመች። ስታስተካክለው የዋለችው ቃል ሁሉ ጠፍቷል። «ግድግዳውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለች። «ሲለሩን ሳይቀባ መጋጠሚያውን እንዲሞላው ሠራተኛውን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ለእሑዱ ግብዣ እንዲደርስ ብዬ። ከዚያም በኋላ አልቀባሁትም። የእትዬ ዘይት ምንም አላደረገውም። አቼቶውንም ያመጡት እኛ ስላስጨነቅናቸው ነው።» ባሏ ቀና ብሎ አያትና፣ ቀስ ብሎ ፈገግ አለ። ተነስቶ ትከሻዋን ያዛት። «አውቄ ነበር» አለ፣ «አንጀትሽ እንደማይችል። ለእሷ ስትይ ጥፋቷን ልትሸከሚ። አይ ደግነት! አንቺ እንዲህ ያለ ስህተት? ለዓለም ሁሉ ስትሰብኪ የምትውዪ?» ሊስማት ጎንበስ አለ።

ሰባኪዋ ከክፍሉ ውስጥ የልብስ ኮሽታው እንደቆመ ሰማች። እትዬ ይሰማሉ። ዝም ብትል ጥፋቷን ተናግራ የተመሰገነች ሴት ሆና ልታድር ነው፤ በእትዬ ትከሻ ላይ ሌላ ሸክም፣ የደጓ የወንድም ሚስት ውለታ ሊጨመርባቸው ነው። «ስማኝ» አለች፣ ደረቱን ገፋ አድርጋ። «ምን ነክቶት ነው ብለህ የጠየቅከኝ ቀን፣ ዘይት ነው ያልኩህ እሳቸውን እንድታስብ ብዬ ነው። አንተ ወደ በራቸው ዞር ስትል አይቼሃለሁ። እፎይ ነው ያልኩት። እኔን ሳታይ በመቅረትህ እፎይ ብያለሁ። ዛሬ ደግሞ ገዢዎች እዚህ ድረስ ይዤ መጥቼ፣ በፊታቸው ደገምኩት፤ እትዬም ነግራኝ ነበር ብለው ዋሹልኝ። ነግሬያቸው አላውቅም።» ባሏ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ትንሽ ቆየ፤ የሚያወርድበት ቦታ ያጣ ይመስል ነበር። ከዚያ እጁን ከትከሻዋ ላይ አነሳ። ሚስቱ ለደግነት ስትል እንዴት እንደምትናገር፣ አፍራ ደግሞ እንዴት እንደምትናገር ለይቶ የማያውቅ ባል የለም።

እትዬ መጡ። ሹራባቸውን እስከ አንገት ቆልፈዋል። ባሏ ቀድሟቸው ወደ ቦርሳው ሄዶ ያዘው። «እትዬ፣ አትሄጂም» አለ፤ ድምፁ ተሰብሯል። «ሰምተሻል አይደል? ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይቅር በይኝ፣ እኔ… ይቅር በይኝ። የምትሄጂበት ምንም ምክንያት የለም።» «ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ። መተላለፊያው ላይ ካለችው ትንሽ ወንበር ተቀመጡ። ሁለቱንም ተራ በተራ አዩአቸው። ቁጣ የለባቸውም፤ ቁጣ ቢኖርባቸው ይቀል ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ቢሆን ኖሮስ?»

«እንዴት ማለት?» አለ ባሏ።

«ግድግዳውን እውነትም እኔ አበላሽቼው ቢሆን ኖሮ። በዘይት ይሁን በአቼቶ። ያኔ ልሄድ ነበር ማለት ነው?»

ለመውጋት አልነበረም የጠየቁት። ማወቅ ፈልገው ነው፤ የሰው ቤት መግቢያ በር ላይ ቆሞ ልግባ ወይስ ልመለስ እንደሚል ሰው። ባሏ አፉን ከፈተ። «እንደሱ አይደለም እኮ እትዬ፣ ነገሩ…» አለና ነገሩ ምን እንደሆነ ሲፈልግ አጣው። ወደ ሚስቱ አየ፤ መልሱን ከእሷ ይጠብቅ ይመስል። ሰባኪዋ ባሏ እንዲመልስ ጠበቀች፤ እየጠበቀች ሳለ ጥያቄው ለእሱ ብቻ እንዳልሆነ ገባት። ስትደብቅ የከረመችው ለምን ነበር? እውነቱ ከወጣ ለአንድ ግድግዳ ሲባል ሰው ከዚህ ቤት ሊወጣ እንደሚችል ታውቅ ስለነበር ነው፤ እሷ መሆን ያልፈለገችው ያንን ሰው ነው። ስትሰብክ የምትውለው ሴት ጫማዋን እያየች ቆመች።

ውጭ መኪና ቆመ። የታናሽየው ጥሩንባ ተሰማ፤ አጭር፣ የደስ ደስ ያለው፣ ምን እንደተፈጠረ የማያውቅ ሰው ጥሩንባ። እትዬ አልተነሱም። ትንሽ ተጨማሪ ጊዜ ሰጧቸው። ጥሩንባው ሲደገም ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱና «በሉ፣ ልጁን አናስጠብቀው» አሉ። ባሏ ቦርሳውን አንስቶ ሊሸከምላቸው ጎንበስ አለ፤ ሰባኪዋም ከሌላው በኩል እጇን ዘረጋች። እትዬ ቦርሳቸውን ከሁለቱም እጅ ወስደው በራሳቸው ያዙት።